ኢሽግል፤ ፊሽካው ዘግይቶ የተነፋባት የጭፈራ መንደር

ኳስ ወዳድ የሆነ ሰው "የክረምት እረፍት" ሲባል ትዝ የሚለው የጀርመን ቡንደስሊጋ ነው። ዲሴምበር ሲጋመስ ሊጉ ይዘጋል፣ ተጫዋቾቹ ይበተናሉ። ደጋፊውስ? ደጋፊው ደግሞ ሻንጣውን ይሸክፍና ወደ አልፕስ ተራሮች ይወጣል። ቀን ቀን በበረዶው ላይ ይንሸራተታል። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ የገመድ መኪናዎቹ መቆም ሲጀምሩ ግን ሁለተኛው ግጥሚያ ይጀመራል። ይሄኛው ግጥሚያ ዳኛ የለውም፣ ባከነ ሰዓቱም ማለቂያ የለውም።

አውሮፓውያን ይህንን ሁለተኛ ግጥሚያ "አፕሬ ስኪ" ይሉታል። ቃሉ የፈረንሳይኛ ሲሆን "ከስኪ በኋላ" ማለት ነው። ስሙ ፈረንሳይኛ ይሁን እንጂ ጨዋታውን እስከ ጥግ የወሰዱት ኦስትሪያውያን ናቸው። ከኦስትሪያም ቲሮል የተባለው ክልል፣ ከቲሮልም ኢሽግል የተባለችው ትንሽ መንደር ዋንጫውን ትወስዳለች። "የአልፕስ ኢቢዛ" የሚል ቅጽል የወጣላትም በዋዛ አይደለም።

ይህች መንደር ግን በጭፈራዋ ብቻ አይደለም የምትታወቀው። እ.ኤ.አ በ2020 ዓለም ሁሉ ስሟን በሌላ ነገር ሰማ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ወሮች በሙሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ ደጋፊን፣ ስታዲየምንና "ቲኬቱ ተሸጧል፣ አሁን ማን ያስቆመዋል?" የሚለውን የቆየ ጥያቄ ይነካል።

የጫማው ኳኳታ

ኢሽግል የምትገኘው ፓዝናውን በተባለ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ነው። ሁለት ጊዜ የክረምት ኦሊምፒክን ካዘጋጀችው ከኢንስብሩክ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ቋሚ ነዋሪዎቿ 1 ሺህ 600 ገደማ ናቸው። የእንግዳ አልጋዎቿ ግን ከ10 ሺህ ይበልጣሉ። በሌላ አነጋገር ለአንድ የመንደሩ ተወላጅ ከስድስት በላይ አልጋ ተነጥፎ እንግዳ ይጠብቃል ማለት ነው።

እንግዳው ከተራራው ወርዶ ሆቴሉ ገብቶ ገላውን ታጥቦ የሚወጣ እንዳይመስላችሁ። ቀጥ ብሎ ወደ ባር ነው። የስኪ ጫማ ከባድና እንደ ድንጋይ የደረቀ ነው፣ ሲራመዱበት ኳ ኳ ይላል። ያንን ጫማ እንደተጫማ፣ ወፍራም ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ የራስ ቁሩን በክንዱ አንጠልጥሎ ይገባና ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ይጨፍራል። ትሮፋና አልም፣ ኩሽታል፣ ኪትስሎኽ፣ ሻትሲ ባር... ስማቸው ይለያይ እንጂ የሚሰሩት ሥራ አንድ ነው። ግድግዳቸው እንጨት፣ ጣሪያቸው ዝቅ ያለ፣ ሰዉ ደግሞ ትከሻ ለትከሻ የተጣበቀ። በደርቢ ቀን ካታንጋ የቆመ ሰው መጨናነቁን ያውቀዋል። ልዩነቱ እዚህ ሜዳ የለም፣ ሁሉም ተጫዋች ነው።

የሚጠጣውም የራሱ ወግ አለው። ቅርንፉድና ቀረፋ ገብቶበት የሚፈላ ቀይ ወይን አለ፣ ብርዱን ለማባረር ተብሎ ይጀመራል። ድራፍቱ ይከተላል። ከዚያ በትንሽ ብርጭቆ የሚጨለጠው ጠንካራ መጠጥ ይመጣል። ወጣቱ የሚወደው የዕፅዋት አረቄ ከሬድ ቡል ጋር ሲደባለቅ ነው። ሬድ ቡል ለኳስ ተመልካች አዲስ ስም አይደለም። ራሱ የኦስትሪያ ኩባንያ ነው፣ መጠጡን ለገበያ ያቀረበው በ1987 ሲሆን በ2005 የሳልዝቡርግን ክለብ ገዛ፣ በ2009 ደግሞ ላይፕሲግን መሰረተ። ኧርሊንግ ሃላንድና ሳዲዮ ማኔ ያለፉበት የሳልዝቡርግ ቡድን ጀርባ ያለው ገንዘብ የመጣው ከዚህች ጣሳ ነው።

ከጠረጴዛ ወደ ስታዲየም የወጣው ዘፈን

የባሩ ሙዚቃ ምንድነው ለሚል መልሱ ቀላል ነው። አንድ ጊዜ ሰምቶ ሁለተኛው ላይ አብሮ መጮህ የሚቻል ዘፈን ነው። ግጥሙ አጭር፣ ምቱ እንደ ሰልፍ የሚያስረግጥ፣ ማጨብጨቢያው የታወቀ። የስታዲየም ዝማሬም ከዚህ የተለየ አይደለም።

እንዲያውም ሁለቱን ያገናኘ ሰው አለ። ዲጄ ኦትሲ ይባላል፣ የቲሮል ልጅ ነው። ስሙን ያገኘው በ1991 በኦትስታል ተራሮች ላይ በረዶ ውስጥ ከተገኘው፣ ከ5 ሺህ ዓመት በላይ ካስቆጠረው የሰው አስከሬን ነው። "አንቶን አውስ ቲሮል" በተባለው ዘፈን የስኪ መንደሮችን ባሮች በሙሉ ካዳረሰ በኋላ፣ "ሄይ ቤቢ" የተባለውን የ1960ዎቹ የአሜሪካ ዘፈን በራሱ አሠራር አወጣው። ዘፈኑ በ2001 የእንግሊዝ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ወጣ። እንግሊዛዊው ደጋፊ ወዲያው ወደ ትሪቡን ወሰደው። ዛሬም ዘፈኑ በየስታዲየሙና በየዳርት አዳራሹ ሲከፈት "ኡ! አ!" የሚለው ጩኸት ይሰማል። ከተራራ የወረደ መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ኢሽግል ራሷ በዲጄ ብቻ አልረካችም። በ1995 ኤልተን ጆንን አምጥታ ተራራ ላይ አዘፈነችው። ኤልተን ጆን ደግሞ የዋትፎርድ ክለብ ባለቤት የነበረ ሰው በመሆኑ ለስፖርት ገጽ እንግዳ አይደለም። ከእሱ በኋላ ቲና ተርነር፣ ቦብ ዲላን፣ ሪሃና፣ ሮቢ ዊሊያምስና ሌሎችም ተከታትለው ወጡ። መድረኩ የሚተከለው ኢዳልፕ በተባለው ሜዳ ላይ ነው፣ ከፍታው 2 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ሲሆን አዲስ አበባ ካለችበት ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ እዚያ ታዳሚው በረዶ ላይ ቆሞ ነው የሚሰማው። ወደ ኮንሰርቱ የሚያስገባው የዕለቱ የስኪ ትኬት ነው። ብልጠቷን ተመልከቱ! የወቅቱ መክፈቻና መዝጊያ ላይ፣ ሌሎች መንደሮች ባዶ በሚሆኑበት ሰዓት፣ እሷ ሆቴሏን ሞልታ ታድራለች።

ከርሃብ ወደ ባለ አምስት ኮከብ

ይህ ሁሉ ጭፈራ ከየት መጣ? ከድህነት ነው የመጣው ቢባል የሚያምን ያንሳል። እውነቱ ግን እሱ ነው።

የፓዝናውን ሸለቆ መሬቱ ዳገት፣ ክረምቱ ረጅም፣ እርሻው ከእጅ ወደ አፍ ነበር። ከዚህና ከአካባቢው ሸለቆዎች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ድሃ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በየዓመቱ በፀደይ ወደ ደቡብ ጀርመን ይልኩ ነበር። ልጆቹ ተራራውን በእግራቸው አቋርጠው ይሄዱና ገበያ ላይ ቆመው በገበሬዎች ይመረጣሉ። ከብት ሲጠብቁ ከርመው በመከር ማብቂያ ልብስና ጥቂት ገንዘብ ይዘው ይመለሳሉ። "የሽዋበን ልጆች" ይባሉ ነበር። ዛሬ በኢሽግል ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ያላቸው ቤተሰቦች አያትና ቅድመ አያቶቻቸው የኖሩት በዚህ ዘመን ነው።

ሌላው መተዳደሪያ ኮንትሮባንድ ነበር። ተራራውን ተሻግራ ያለችው የስዊዘርላንዷ ሳምናውን ከ1892 ጀምሮ ከቀረጥ ነፃ መንደር ናት። ሰዉ ሌሊት ሌሊት ዕቃ ተሸክሞ ድንበሩን ይሻገር ነበር። ዛሬ ሁለቱ መንደሮች በገመድ መኪና ተገናኝተው 239 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንሸራተቻ በጋራ ይዘዋል። ቱሪስቱ ጠዋት ከኦስትሪያ ተነስቶ ስዊዘርላንድ ምሳውን ይበላል፣ ሽቶና ውስኪ ይገዛና በስኪ ይመለሳል። መንገዱም "የኮንትሮባንዲስቶች ዙር" ተብሎ ተሰይሞለታል።

ለውጡ የመጣው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። የመንደሩ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተውና ተበድረው የገመድ መኪና ኩባንያ አቋቋሙ፣ በ1963 ሥራ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ የለም። ላሙ የነበረበት በረት ባር ሆነ። "ኩሽታል" የሚለው የባር ስም ራሱ በጀርመንኛ የላም በረት ማለት ነው።

ተራራው ግን ዕዳውን ይጠይቃል። በፌብሩዋሪ 1999 ከኢሽግል ከፍ ብላ ባለችው በጋልቱር መንደር ላይ የበረዶ ናዳ ወርዶ 31 ሰው ገደለ። በማግስቱ እዚያው አቅራቢያ ቫልሱር ላይ ሌላ ናዳ 7 ሰው ወሰደ። ሸለቆው ያንን ሐዘን አልረሳውም። ከዚያ በኋላ የናዳ መከላከያ ግንብ ተሠራ፣ አደጋ ሲመጣ መንገድ የሚዘጋበት አሠራር ጠበቀ። ፓዝናውን ከበረዶ የሚመጣን አደጋ ማስቆም ተምሯል። ከባር የሚመጣን አደጋ ግን አላሰበውም ነበር።

ለማይንሸራተተው

እዚህ ጋ አንድ ነገር መባል አለበት። ወደ ስኪ መንደር የሚሄድ ሁሉ ስኪ አይችልም። አገራችን ሮቤል ተክለማርያምን በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ላይ በሜዳ ስኪ አሰልፋለች፣ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳዳሪም እሱ ነው። የቀረነው ግን በረዶ የምናውቀው በቴሌቪዥን ነው።

ኢሽግል ለእንደዚህ ዓይነቱም ሰው ቦታ አላት። በተወሰኑ ምሽቶች ከኢዳልፕ እስከ መንደሩ 7 ኪሎ ሜትር ያህል በመብራት የደመቀ ቁልቁለት በእንጨት ሸርተቴ ላይ ተቀምጦ መውረድ ይቻላል። የሞቀ መዋኛና ሳውና አለ። ስም ያላቸው ሼፎች የሚያበስሉባቸው ምግብ ቤቶች አሉ። ከእራት በኋላ ደግሞ ናይት ክለቡ ይቀጥላል፣ የኢቢዛው ፓቻ ሳይቀር እዚህ ቅርንጫፍ ከፍቶ ነበር።

ተጫዋቾችስ? ትልልቅ ክለቦች ተጫዋች ስኪ ሲነካ አይወዱም፣ ምክንያታቸውም ግልጽ ነው። ማኑኤል ኖየር በዲሴምበር 2022 ጀርመን ከኳታር የዓለም ዋንጫ በጊዜ ከተሰናበተች በኋላ በስኪ ጉዞ ላይ እግሩን ሰበረና የውድድር ዘመኑ እዚያው አበቃ። ባየርን ሙኒክ ጃንዋሪ ላይ ያን ሶመርን ከግላድባህ ለመግዛት ተገደደ። አንድ ቀን በበረዶ ላይ፣ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ከሜዳ ውጪ!

መንደሩም የራሷ ቅጣት ነበራት። ሰክሮ በስኪ ጫማ የሚንገዳገድ፣ ሌሊት ሲጮህ የሚያድር፣ ስኪውን ይዞ ሰው የሚመታ ሲበዛ አስተዳደሩ ደንብ አወጣ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ በመንደሩ መሐል በስኪ ጫማ መሄድ ክልክል ሆነ። ቢጫ ካርድ መሆኑ ነው። ቀዩ ግን ዘገየ።

ማርች 2020

ነገሩ እንዲህ ነው። በማርች 5 ቀን 2020 የአይስላንድ መንግሥት ኢሽግልን የኮሮና ቫይረስ አደጋ ያለባት ቦታ ብሎ ፈረጃት። ከእረፍት የተመለሱ ዜጎቹ ተመርምረው ቫይረሱ ተገኝቶባቸው ነበር። ለኦስትሪያም አሳወቀ።

በማርች 7 በኪትስሎኽ ባር የሚሠራ አንድ ባርማን ተመርምሮ ተገኘበት። ኪትስሎኽ በመንደሩ ካሉት ባሮች ትንሿና ጠባቧ ከሚባሉት ናት። አስተናጋጆቹ ብርጭቆ ተሸክመው በሰው መሐል ለማለፍ ፊሽካ ይነፉ ነበር ተብሎ በወቅቱ ተዘግቧል። ከአፍ ወደ አፍ የሚሄድ በሽታ ከዚህ የተመቸ ሜዳ ከየት ያገኛል?

በማግስቱ ማርች 8 የቲሮል ጤና ባለሥልጣናት መግለጫ አወጡ። በሕክምና ዓይን ሲታይ ቫይረሱ ወደ ባሩ እንግዶች የመተላለፉ ነገር እምብዛም አይመስልም የሚል ነበር። ባሩ በፀረ ተህዋስ ተጠርጎ፣ ሠራተኛ ተቀይሮ ተከፈተ። ማርች 9 ከባርማኑ ጋር ንክኪ የነበራቸው ብዙዎች መያዛቸው ታወቀና ተዘጋ። ማርች 10 ሌሎቹ የአፕሬ ስኪ ባሮች እንዲዘጉ ታዘዘ። የገመድ መኪናዎቹ ግን ለተጨማሪ ቀናት ሰው አጭቀው መውጣት መውረዳቸውን ቀጠሉ።

ማርች 13 ዓርብ ከሰዓት በኋላ የያኔው መራሔ መንግሥት ሴባስቲያን ኩርዝ በቴሌቪዥን ብቅ ብሎ የፓዝናውን ሸለቆና ሳንክት አንቶን ወዲያውኑ መዘጋታቸውን ተናገረ። ከዚያ በኋላ የሆነው የመጨረሻው ፊሽካ ከተነፋ በኋላ አንድ በር ብቻ የተከፈተበት ስታዲየም ነው የሚመስለው። ሺዎች ሻንጣቸውን እየወረወሩ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። አንዲት ጠባብ መንገድ በመኪና ተቆለፈች። ከዚያም ወደ ጀርመን፣ ወደ ዴንማርክ፣ ወደ ኖርዌይ፣ ወደ እንግሊዝ... እያንዳንዱ የያዘውን ይዞ ወደ አገሩ ገባ። በወቅቱ በኖርዌይ ከተመዘገቡት የመጀመሪያ ታማሚዎች ብዙዎቹ በሽታውን ያመጡት ከኦስትሪያ ነበር።

እንግዳው ሲሄድ የቀሩት የመንደሩ ሰዎችና የሚሄዱበት ያጡ የወቅት ሠራተኞች ናቸው። ሸለቆው እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ገደማ ተዘጋ። በዚያው ኤፕሪል የኢንስብሩክ ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ወደ 1 ሺህ 500 የሚጠጉ ነዋሪዎችን ደም መረመረ። 42.4 በመቶ የሚሆኑት ቫይረሱ አልፎባቸው ተገኘ። ከእነሱ ውስጥ አብዛኞቹ መያዛቸውን እንኳ አያውቁም ነበር።

ሳን ሲሮና አንፊልድ

የኳስ ሰው በኢሽግል ላይ ጣት ከመቀሰሩ በፊት የራሱን ቤት ማየት አለበት።

ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2020 አታላንታ በሻምፒዮንስ ሊግ ቫሌንሺያን 4 ለ 1 ረታ። የቤርጋሞ ሜዳ ስለማይበቃ ጨዋታው የተደረገው ሚላን ሳን ሲሮ ላይ ነበር። ከ40 ሺህ በላይ ሕዝብ ገባ፣ ከቤርጋሞ በአውቶቡስና በባቡር ተጭኖ የመጣው እልፍ ነው። በክለቡ ታሪክ ታላቁ ሌሊት ነበር፣ አራት ጊዜ ተቃቅፈው ጮሁ። ከሳምንታት በኋላ ቤርጋሞ የአስከሬን ሳጥን በወታደር መኪና የሚጫንባት ከተማ ሆነች። ሐኪሞች ያንን ጨዋታ "ባዮሎጂካል ቦምብ" ብለው እስከ መጥራት ደረሱ። ያን ቀን ግን አደጋውን የሚያውቅ አልነበረም።

ማርች 11 ላይ ግን ይታወቅ ነበር። የኢሽግል ባሮች በተዘጉ ማግስት ማለት ነው። የዚያን ምሽት ሊቨርፑል አትሌቲኮ ማድሪድን አንፊልድ ላይ አስተናገደ፣ 52 ሺህ 267 ተመልካች ገባ። ስፔን ውስጥ ጨዋታዎች በዝግ ስታዲየም እንዲደረጉ ታዝዞ እያለ 3 ሺህ ያህል የአትሌቲኮ ደጋፊ ወደ እንግሊዝ በረረ። በጭማሪ ሰዓት የአድሪያን ስህተት፣ የዮሬንቴ ሁለት ጎሎች፣ የሞራታ ማሳረጊያ... 3 ለ 2። ብዙው ሰው የሚያስታውሰው ውጤቱን ነው። ደጋፊው ያኔ መግባት ነበረበት ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ከውጤቱ በላይ አከራከረ።

ስለዚህ በባሩና በስታዲየሙ መሐል ያለው ልዩነት ስፋት ብቻ ነው። ሁለቱም ዘንድ ቲኬቱ ተሸጧል፣ ሆቴሉ ተይዟል፣ ቢራው ተቀድቷል። የሚያስቆመው ሰው ገቢውን የሚያጣው ዛሬ ነው፣ ጉዳቱ የሚታየው ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ አገር ሆስፒታል ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ጨዋታ ላይ ፊሽካ መንፋት ከባድ ነው። ከባድ መሆኑ ግን ዳኛውን ነፃ አያወጣም።

ተጠያቂው ማነው?

በኦክቶበር 2020 ሮናልድ ሮረር የተባሉ የቀድሞ ዳኛ የመሩት ገለልተኛ ኮሚሽን ሪፖርቱን አወጣ። ባለሥልጣናት ከቱሪዝም ባለሀብቶች ግፊት ተደርጎባቸዋል ለማለት ማስረጃ አላገኘም። ነገር ግን የተሳሳተ ግምገማ እንደነበር፣ ባሮቹና የገመድ መኪናዎቹ ከማርች 9 ጀምሮ መዘጋት ይገባቸው እንደነበር ገለጸ። የኩርዝ ድንገተኛ መግለጫም በቂ ዝግጅት ያልተደረገበት ነበር ሲል ነቀፈ።

አንድ የኦስትሪያ የሸማቾች መብት ማኅበር "ኢሽግልና አካባቢዋ ሄጄ ታመምኩ" የሚሉ ከ45 አገሮች የመጡ ከ6 ሺህ በላይ ሰዎችን መዘገበ። ዘመዶቻቸው የሞቱባቸውም አሉበት። የወንጀል ምርመራው በአምስት ሰዎች ላይ ተከፍቶ ነበር፣ በኖቬምበር 2021 ዐቃቤ ሕግ ዘጋው። የካሳ ክሱም ቢሆን መንገዱ ሩቅ አልሆነም። በ2023 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወረርሽኝ ሕጉ የወጣው ሕዝብን በጅምላ ለመጠበቅ ስለሆነ በዚያ ተንተርሶ አንድ ግለሰብ መንግሥትን ካሳ መጠየቅ አይችልም አለ። ባሏን የቀበረች፣ አባቱን ያጣ፣ ባዶ እጁን ቀረ።

ጠረጴዛው እንደገና

በ2020/21 የክረምት ወቅት ኢሽግል ዝም ብላ ከረመች። ተራራው በበረዶ ተሸፍኖ፣ የገመድ መኪናዎቹ ቆመው፣ ሆቴሉ መጋረጃውን ዘግቶ። ከላም በረት ወዲህ እንዲህ ያለ ጸጥታ አልታየባትም።

ያ ጊዜ አለፈ። እንግዳው ተመልሷል፣ ኪትስሎኽም ተከፍታለች። አሁንም ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ ወቅቱ ይቀጥላል፣ አሁንም የመክፈቻና የመዝጊያ ኮንሰርት አለ። አንዳንዱ ነዋሪ የጭፈራው ስም ቢቀንስ፣ ለቤተሰብና ለጸጥታ የሚመጣው እንግዳ ቢበዛ ይመርጣል። ሌላው ደግሞ "ከጭፈራው ውጪ ማን ያውቀን ነበር?" ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ልጆቿን ገበያ አቁማ ታስመርጥ የነበረች መንደር ዳቦዋን ያገኘችው በዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ጠረጴዛውን ገልብጪው ማለት አይቻልም።

የሚቻለው ጠረጴዛው ላይ ከሚጨፍረው ውጪ በሩ አካባቢ አንድ ያልጠጣ ሰው ማቆም ነው። ሸለቆው ለናዳው ያንን አድርጓል፤ ደመናውን የሚያይ፣ በረዶውን የሚለካ፣ "ዛሬ መንገዱ ይዘጋ" ሲል ሆቴሉ ምን ያህል ይከስራል ተብሎ የማይጠየቅ ሰው አለው። ለባሩ ግን እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። ፊሽካው የነበረው አስተናጋጁ አፍ ላይ ነው፣ የተነፋውም ሌላ ዙር ቢራ ለማሳለፍ ነበር።